ጤፍ ትንሽ ይጠብቃል

የከተማ ሰው ገበሬን ሲያስበው፣ ጠዋት ተነሥቶ ከጎታው እፍኝ የሚዘግንና ያገኘውን የሚበትን ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ሰቆጣ ገበያ ላይ ቆሞ የሚያየው እህሉን እንጂ ክርክሩን አይደለም። ስንዴው ተሰፍሮ፣ ባቄላው ተለቅሞ ከፊቱ ሲቀርብለት፣ ከዚያ ስልቻ በስተጀርባ ስንት ሰው እንደተኳረፈ፣ ስንት ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ እንደተኙ ማን ይነግረዋል? «ዘንድሮ ምን እንዝራ?» ማለት አጭር ጥያቄ ናት። እኛ ቤት ግን ሰማይ ሲያጉረመርም የምትገባ፣ አዝመራ ሳይሰበሰብ የማትወጣ እንግዳ ነበረች። እንግዳ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሲሰነብት ምድጃውን ይዞ ይቀመጣል።

እስቲ አስቡት። ምን እንደሚዘራ የሚወስን ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ምን ምን እንደሚል ይወስናል። ገብስ ከዘራችሁ ጠላችሁ የገብስ፣ ስንቃችሁ በሶ ነው። ማሽላ ከዘራችሁ ቂጣው ሌላ፣ ማገዶው ሌላ፣ አጥሩ ሳይቀር ሌላ ይሆናል። መሬት የሰፋለት ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ከዚህም ከዚያም ዘርቶ አፉ እንዳማረው ይበላል። መሬቱ የጠበበበት ግን አንዱን ሲመርጥ ሌላውን መሰናበቱ ነው። የእኔ መሬት ጠባብ ነበር። ሚስቴ ደግሞ የቆላ ሰው ነበረች።

የምንኖረው ደሃና ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ የገበሬው ማኅበር ሲያከፋፍል ለእኔ የደረሰችኝ፣ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ማሳ ነበረች። ላይኛው ጫፏን ውርጭ ይመታዋል። ታችኛው ጫፏ ግን ወደ ገደሉ ስለሚያዘነብል ከታች ከቆላ የሚወጣው ንፋስ ያሞቃታል። ደጋ ናት እንዳትሉ አትሞላም፣ ቆላ ናት እንዳትሉ ጠዋት ጠዋት ጣታችሁን ታቆረፍዳለች። ያያት ሁሉ የራሱን አስተያየት ሰጥቶ ይሄዳል። እኔና አባቴ እዚያም እዚህም ሳንል ገብስ እንዘራባት ነበር። አባቴ አጠገቤ ነው የሚኖረው፤ እርሱም አንድ በሬ እኔም አንድ በሬ ስላለን አቀናጅተን ነው የምናርሰው። በሬ የተቀናጀ ሰው አሳብም መቀናጀቱ አይቀርም፤ አባቴ ገብስ ካለ ገብስ ነው።

ሕሪትን ያገኘኋት ሰቆጣ ገበያ ነው ብል ውሸቴን ነው። ያገኛት አባቴ ነው። እርሱ ከደሃና ገብስ ጭኖ ይመጣል፣ አባቷ ከአበርገሌ ፍየልና ማሽላ ይዞ ይመጣል፤ ሰቆጣ ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ዘመን ገብስና ማሽላ ሲለዋወጡ ኖረው፣ በመጨረሻ የሚለዋወጡት ቢያልቅባቸው ልጆቻቸውን አጋቡ። ሕሪት በጥር በበቅሎ ወጥታ መጣች። በነጋታው ማለዳ ከቤት ወጥታ ሣሩ ላይ የነጣውን ውርጭ አይታ፣ «ይህን ሁሉ ጨው ማን በተነው?» ብላ ጠየቀችን። ሳቅንባት። እርሷም ጎንበስ ብላ በጣቷ ነክታ ቀመሰችውና ከእኛ ጋር ሳቀች። ደግ ሰው ናት። አማርኛውን የለመደችው እኛ ዘንድ መጥታ ነው፤ የአፍ መፍቻዋ አገውኛ ነው፣ ስትናደድም ስትጸልይም በእርሱ ነው። እኔ አገውኛ እሰማለሁ፤ ምላሴ ግን አይታዘዝልኝም። ይህ ነገር ለትዳር ይጠቅማል። ስትናደድብኝ ሁሉን እሰማለሁ፣ መመለስ ግን አልችልም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ነበሩ። ናፈቀኝ ስትል ከአባቴ ጋር ሰቆጣ ትወርዳለች፣ የአገሯን ሰው ታገኛለች፣ ወሬ ተጭና ትመለሳለች። ከዚያ አባቷ ዐረፈ፤ እናቷ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰቆጣ ላይ የመንግሥት ጦር ሰፈረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላ ደግሞ መንግሥት «ወንበዴ» በሚላቸው ሰዎች እጅ ገባ። መንገዱ ተዘጋ። እኔን የመሰለ ጎልማሳ ወደዚያ ቢሻገር ሰላይ ነው ይሉታል፤ ተርፎ ቢመለስ እዚህ ወንበዴ ነው ይሉታል። ከሁለቱ አንዱ ሳያስረው ቢያድር ሌላው አይምረውም።

ይህም አልበቃ ብሎ ክፉው ቀን መጣ። ስለ እርሱ ብዙ አላወራም። ያየው አይጠይቀኝም፣ ያላየውም በወሬ አይገባውም። እኛ ሰቆጣ ወርደን በእርዳታ ስንዴ ነፍሳችንን አቆየን፤ ሁለቱ በሬዎቻችንም በምን ተአምር እንደሆነ ከሲታ ሆነው ተረፉ። ዝናቡ ሲመለስ እኛም ወደ ማሳችን ተመለስን። ሕሪት ግን ግማሿ ያልተመለሰ ይመስል ነበር። እናቷ ይኑሩ ይሙቱ አታውቅም። ቢሞቱ አታለቅስ፣ ቢኖሩ አትደሰት። እንዲህ ያለውን ነገር ተሸክሞ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት፣ እንስራ ስታነሣ ሳይቀር ቆም ብላ ወደ ቆላው ስታይ ነው። ከማሳችን ጫፍ ሆናችሁ ካያችሁ ቆላው ከሩቅ በጭጋግ ተጋርዶ ይታያል። አይታይም ማለትም ይቻላል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባረጠበ ማግሥት፣ ሕሪት ከሰቆጣ ገበያ ስትመለስ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ መጣች። ፈትታ መደቡ ላይ ዘረገፈችው። ቀይ ማሽላ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ዘር ነው። ታችኛው ጫፍ ላይ እንዝራው።»

«እዚህ አገር ማሽላ?»

«ታችኛው ጫፍ ይሞቃል። እጄን አፈሩ ውስጥ ከትቼ አይቼዋለሁ።»

አባቴ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በክፉ ቀን ማግሥት አንዲት እፍኝ ዘር ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ የምትበላም፣ የምትበተንም፣ የምታስለቅስም ናት። ድምፁን ሳያነሣ፣ «ልጄ፣ ማሽላ እዚህ ቁመቱ ያምራል። ዛላው ግን ብርድ ይፈራል» አላት።

«እኔም ብርድ ስፈራ ነው የመጣሁት፣ አባቴ» አለች ሕሪት። «ይኸው እርስዎ ቤት ለምጄ አለሁ።»

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰና ቀንበሩን ሊያይ ወጣ። በነጋታው በሬዎቹን ጠምደን፣ ታችኛውን እኩሌታ ለማሽላ አረስነው፤ ላይኛውን ለሰኔ ገብስ ተውነው። ሰዎች ሲያልፉ እየቆሙ ያዩን ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ማሽላው አማረ። ግንቦት ቢያስጨንቀውም ቻለው፤ ክረምቱ ሲገባ ተመዘዘ፤ መስከረም ላይ ከእኔ ቁመት አልፎ፣ ቅጠሉ ሲንሿሿ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ገብሱ ከበላዩ ሆኖ የሚያፍር ይመስል ነበር። ዛላው ብቅ ብቅ ሲል ደግሞ ሕሪት እንጨት ቁረጥልኝ አለችኝ። ማማ ልትሠራ ነው።

ደገኛ አንባቢዎች ካላችሁ ማማ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ቆላ ላይ ማሽላ ሲያሸት ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል። ስለዚህ በየማሳው መካከል ከፍ ያለ የእንጨት መቆሚያ ይተከልና፣ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፉን ያባርራል። ሕሪት ልጅነቷን ያሳለፈችው በዚህ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የናፈቃት የማሽላው ቂጣ ይመስለኝ ነበር። ማማውን እያሰርን ስትነግረኝ ነው የገባኝ። አዝመራ ሲደርስ በየማማው ላይ አንዳንድ ሴት ልጅ ትቆማለች፤ አንዷ ስትጣራ ሌላዋ ትቀበላታለች፤ ወሬው፣ ዘፈኑ፣ ስድቡ ሁሉ ከማማ ወደ ማማ እየተሻገረ ሸለቆውን ይዞራል። ማን ታጨች፣ የማን ፍየል ጠፋች፣ ሁሉም በአየር ላይ ነው። ጥላው ሲረዝም እናቷ ከቤት ደጅ ወጥተው ስሟን ይጠሩታል፤ ያ ጥሪ በስንቱ ማማ ላይ አልፎ ይደርሳታል። «ሕሪት ትጠሪያለሽ» ይላታል አገሩ በሙሉ።

ገብስ ማማ የለውም። ገብስ ዝም ብሎ ነው የሚደርሰው።

እናም ሚስቴ ደሃና ላይ ማማ ወጣች። የመንደሩ ሰው ሥራውን ጥሎ አየ። አንዳንዱ «የበሪሁን ሚስት ጦር ልትጠብቅ ነው» አለ፤ አንዳንዱ «ዛር ነው» አለ። አባቴ በዚያ በኩል ማለፉን ትቶ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመረ። እርሷ ግን ወንጭፏን ይዛ ከማለዳ ትቆማለች። አንድ ቀን ወደ ቆላው ዞራ በአገውኛ ተጣራች፤ ድምፅዋ እንዲያ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። የመለሰላት ገደሉ ብቻ ነው፤ እርሱም የመጨረሻዋን ፊደል። ሁለተኛ አልተጣራችም።

ወፍም አልመጣም። ቀን በቀን ትቆማለች፣ ወፍ የለም። መጀመሪያ «የደጋ ወፍ ማሽላ አያውቅም» ብዬ ቀለድኩ። በኋላ ቀልዱን ተውኩት። ጥቅምት ሲያልቅ አንድ ማለዳ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከማማው ወርዳ ወንጭፏን እጇ ላይ እየጠቀለለች መጣች።

«ወፎቹ አልመጡም» አለችኝ።

«ይመጣሉ፤ ገና ነው።»

«አይመጡም። ባዶ መሆኑን አውቀዋል።»

አባቴ መጥቶ አንድ ዛላ ሰበረና በመዳፉ አሸው፤ ከዚያ እፍ አለበት። ሁሉም በነነ። መዳፉ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። «ብዬሽ ነበር» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እጁን በጭኑ ላይ ጠርጎ ማጭድ አመጣ፤ አገዳውን ለበሬዎቹ ያጭድ ጀመር። እኔም አጨድኩ። ሕሪትም አጨደች። ያን ዓመት ከላይኛው እኩሌታ ባገኘነው ገብስና አባቴ ከራሱ ቀንሶ በሰጠን ከረምን፤ አልጠገብንም፣ አልሞትንም።

በተከታዩ ሚያዝያ ዝናብ ጣለ። እኔም ለክርክሩ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። በጋውን ሙሉ ሳስብበት ነበርና የምለውን አውቄዋለሁ፤ ትንሽ ከታች ማሽላ፣ ከላይ ገብስ፣ በመካከል ባቄላ። ሕሪት ጎታውን እየጠረገች፣ ዞር ብላም ሳታየኝ፣ «ዘንድሮ ገብስ ይሁን፤ ሙሉውን» አለች።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። ስሰማው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደስ አላለኝም። ገብሱ ተዘራ፤ በቀለ፤ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ደረሰ። ጎታው ሞላ። ቤቱ ግን ጸጥ አለ። በአገውኛ የሚናደድብኝ ሰው ጠፋ። ያቺ ማሽላ ባዶ ዛላ ይዛ በቆመችበት ዓመት ቤታችን ከዚህ የሞላ ነበር ብላችሁ ማን ያምነኛል?

በዚህ መካከል ነው አያ ኢብራሂምን ያገኘነው። አያ ኢብራሂም ሰቆጣ ላይ የጨው ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ጨው ለዚህም ወገን ለዚያም ወገን ስለሚያስፈልግ፣ የእርሱን አህዮች ሁለቱም ወገን አይቶ እንዳላየ ያሳልፋቸው ነበር። የካቲት ላይ ገበያ ወርደን ከሱቁ ደጅ ስናልፍ ሕሪትን በስሟ ጠራት።

«እናትሽን እዚያው አበርገሌ፣ ኒሯቅ ገበያ አየኋቸው» አላት። «ፍየል ይዘው ቆመዋል። ደሃና የሚገቡ ሰዎች ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሕሪት አለች ወይ አሉኝ።»

ሕሪት አጠገቧ ባለው የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችው። አያ ኢብራሂም ገበያተኛውን ሁሉ «ቆዩ» እያለ ደጁ ላይ ቆመላት፤ ያን ቀን እርሷ እስክትነሣ ድረስ ጨው አልሸጠም።

መጋቢት ላይ ከእርሱ አህዮችና ከነጋዴ ሴቶች ጋር ሄደች። እኔ መሄድ እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። እስከ ወንዙ ሸኘኋት። «ዝናቡ ሳይጥል እመለሳለሁ» አለች። «እሺ» አልኩ። ተጨማሪ ነገር ለማለት አስቤ ነበር፤ ሴቶቹ ይሰሙኛል ብዬ ተውኩት። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ለበሬው የሚናገረውን ግማሹን ለሚስቱ ቢናገር ስንቱ ቤት በተቃና።

ዝናቡ ጣለ፤ እርሷ አልመጣችም።

ሚያዝያ አለፈ። አያ ኢብራሂምን ስጠይቀው ከኒሯቅ ወዲህ ተኩስ አለ፣ አህዮቼም አልተመለሱም አለኝ። መሬቱን ገመስኩት። ግንቦት መጣ፤ ደገምኩት። ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ሄደ። ለነገሩ ማሽላ አልዘራም ነበር፤ ግን ሲሄድ ሳየው አንድ እንግዳ ቤቴን አልፎኝ የሄደ መሰለኝ። ሰኔ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ገብሱን ዘራ። የእኔ ዘር ጎታ ውስጥ ነው፤ በሬዎቹ ደጅ ቆመዋል፤ ዝናቡ ደግ ነው። ምን ጎደለ ብትሉኝ የምከራከረው ሰው ነው። ማሳው ላይ እቆምና «ገብስ» እላለሁ፤ «አይሆንም» የሚል የለም። «እሺ ማሽላ» እላለሁ፤ የሚደሰት የለም። እንዲህ ሆኖ ዘር አይበተንም። ስለዚህ እንደገና አርሳለሁ። ያቺ ማሳ በዕድሜዋ እንደዚያ ዓመት ታርሳ አታውቅም፤ አፈሩ በጣት መካከል የሚፈስ ዱቄት ሆነ።

ሰው ምን ይላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ ነገር ይላል። ሕሪት አገሯ ገብታ ቀርታለች፣ እናቷን ያገኘች ሴት ምን ልታደርግ ብርድ ላይ ትመለሳለች፣ እንዲያውም እዚያ አግብታለች ይላል። ይህን ሁሉ የሚነግሩኝ ለእኔ አዝነው ነው። እኔም ሌሊት እነርሱ ከሚሉት የከፋውን ለራሴ ስለምነግረው አልቀየምኳቸውም።

አንድ ቀን የገበሬው ማኅበር ሊቀመንበር መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ስብሰባ ይወዳል። ከማሳዬ ዳር ቆሞ ዱላውን አፈሩ ውስጥ ሰካው፤ እስከ እኩሌታው ገባለት።

«ጓድ በሪሁን፣ ይህ መሬት ለምን ጾሙን ይውላል?»

«እያለሰለስኩት ነው።»

«መሬት ነው ወይስ ቅቤ?»

ወደ በሬዎቹ ዞርኩ።

«ስማ፤ መሬት ያጣ ስንት ወጣት አለ። በስብሰባ ተወስኗል። እስከ ሐምሌ ገብርኤል ካልዘራህ ለሌላ ይሰጣል።» ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ በየሳምንቱ የሚያስተምረን ሰው፣ ቀን የቆረጠልኝ በገብርኤል ነበር። እንድስቅ ያደረገኝ በዚያ ክረምት ይህ ብቻ ነው።

አባቴ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። በሬውን ስፈልግ ይሰጠኛል፤ ሳልዘራ ስመልስለት ይቀበለኛል። ሐምሌ በገባ በጥቂት ቀን፣ በዝናብ በስብሶ ከሰቆጣ መጣና አንዲት ስልቻ ከደጄ አስቀመጠ። ገብሱን ይዞ ወርዶ ለውጦ ነው የመጣው። ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ጤፍ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከገብስ በቀር እህል ያለ የማይመስለው ሰው ጤፍ ይዞ መጣ።

«ገብስ አይጠብቅም፤ አልፎበታል» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ማሳው መልሶ። «ጤፍ ትንሽ ይጠብቃል።»

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ስለ ሕሪት ተናገረ ወይስ ስለ ጤፍ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

የገብርኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ከታች በኩል የፍየል ድምፅ ሰማሁ። የእኛ መንደር ፍየል የለውም፤ በግ ነው። ወጣሁ። በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ የሚወጡ አጫጭር ቀይ ፍየሎች፣ ከኋላቸው አንዲት አህያ፣ አህያዋ ላይ ሁለት ነጠላ የደረቡ አሮጊት፣ ከአህያዋ ኋላ ደግሞ ሕሪት። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ እግሯ ቆስሏል። ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን እርፍ እንደጨበጠ ሰው ማሳው መካከል ተተክሎ ቀረ።

አጠገቤ ደርሳ፣ ከሰላምታው በፊት ማሳውን አየችው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ባዶ።

«ምን ዘራህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ገብሱስ?»

«አለፈው።»

«ታዲያ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ሳርስ።»

አየችኝ። አፈሩን አየችው። ጎንበስ ብላ ዘግና በጣቶቿ መካከል አፈሰሰችው፤ ስንት ጊዜ እንደታረሰ ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። እናቷ ከአህያዋ ላይ ሆነው በአገውኛ፣ «ይህ ሰው ሰነፍ ነው ወይስ ይወድሻል?» አሏት።

«ሁለቱም ነው መሰለኝ» አለቻቸው ሕሪት፣ በአገውኛ።

አማቴ አገውኛ እንደምሰማ አያውቁም ነበር። ሕሪት ግን ታውቃለች።

በነጋታው በገብርኤል ዕለት ሰው ሥራ ፈትቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እኛ ግን ቀኑ ሞልቶብን ነበርና ካህኑ አየን አላየን ብለን ከማለዳ ማሳ ወረድን። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ በከብት መረገጥ አለበት። ሁለት በሬ ምን ያህል ይረግጣል? አማቴ ፍየሎቻቸውን ለቀቁልን። የአበርገሌ ፍየሎች የደሃናን ጭቃ ወዲያና ወዲህ ሲረግጡት፣ አባቴ ከዳር ቆሞ እጁን በአፉ ላይ ጭኖ ያይ ነበር። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ ገባና እርሱም ይረግጥ ጀመር። እኔ ዘራሁ። ሊቀመንበሩ ከቅዳሴ ሲመለስ (እርሱም ለካ ቅዳሴ ሄዶ ነበር) አየን፤ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ። ስለ ቀኑ እኛም አልጠየቅነው፣ እርሱም አልጠየቀን።

ማታ ምድጃ ዳር ሆና ነገረችኝ። እናቷ ማሳዬን ጾሙን ትቼ አልሄድም ብለው እምቢ ስላሉ፣ በሚያዝያ ዝናብ ማሽላቸውን አብራቸው ዘርታለች። እኔ እዚህ ለማን ልዝራ ብዬ ስቆም፣ እርሷ እዚያ ስትዘራ ነበር። ከዚያ መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ አሮጊቷን ብቻቸውን መተው አልሆነላትም፤ ማሽላውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው ተነሡ።

ጤፉ ደህና ያዘ። ላይኛውን ጫፍ ውርጭ ትንሽ ነካው፤ ታችኛው ግን ተኝቶ እስኪደርስ ሐር ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህም ጤፍ መዝራቱን አልተውነውም፤ በገብስ አገር ብቸኛ ጤፍ ዘሪ ሆነን ቀረን። ለምን ሲሉኝ አፈሩ ይስማማዋል እላለሁ። ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም። እናቷን ካገኘች፣ እናቷም እቤታችን ከገቡ፣ የሕሪት ናፍቆት ያበቃለታል ብዬ አስቤ ነበር። ብልህ ነኝ ብዬ የማስበው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ሥራ ሲቀል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትለሰልስ፣ እናትና ልጅ ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ቆላው ያዩ ጀመር። ቀድሞ አንድ ነበረች፣ አሁን ሁለት ሆኑ። ያ በአደራ ትተውት የመጡት ማሽላ አሽቶ ይሆን፣ ወፉን የጠበቀው ሰው ነበር ይሆን፣ የማን ልጅ ይሆን የጠበቀው እያሉ በአገውኛ ያወራሉ። እኔም ቤት ውስጥ ብቻዬን መቀመጡ ሲከብደኝ ወጥቼ ከጎናቸው እቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ የማየው ጭጋግ ብቻ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን፣ እግሬ ረግጦት የማያውቀው አገር፣ የማላውቃቸው ሰዎች ማሽላ፣ ስሜን ጠርቶኝ የማያውቅ ሸለቆ ይናፍቀኝ ጀመር። ሰው ያልኖረበትን አገር ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ከብቱን እየነዳ ሲያልፍ ሦስታችንንም በአንድ ድንጋይ ላይ ተደርድረን አየንና ቆመ።

«ምን እያያችሁ ነው?» አለን።

«ደመና» አልኩት።

ታኅሣሥ ነበር። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ሽቅብ አየና፣ እኛን አየና፣ ከብቱን ነድቶ ሄደ።